ሠላሳ ጆንያ አፈር በብስክሌት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ጆንያ ጭኜ፣ በገመድ ወጥሬ፣ እግዜርን ጠርቼ ፔዳሉን ስረግጠው የኋላው ጎማ አየር ላይ ዞረ። ዝም ብሎ ዞረ። ብስክሌቱ ቂጡን አንሥቷል፤ ተሳቢው ጭራውን መሬት ላይ ተክሏል፤ እኔ ኮርቻው ላይ ተሰቅያለሁ። ከብት ውኃ የሚያጠጡ ሁለት ሰዎች ቆመው አዩኝ። አንዱ ሳቀ። የሌላው አለመሳቅ ባሰብኝ።

ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው፤ አለዚያ ሐሳቤ አይሰበሰብም።

የእማዬ ጀርባ አልቋል። ሐኪሙ በጥቅምት ወር የጀርባዋን ራጅ ብርሃን ላይ ይዞ "ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር የለም" አላት። እሺ አለችው። እማዬ ለሐኪም እሺ ትላለች፣ ለቄስ እሺ ትላለች፣ ከዚያ የራሷን ታደርጋለች። አክስቴ ወንዛዬ በሚባለው ፍል ውኃ ሁለት ሳምንት እንድትቀመጥ ክፍል ይዛላታለች። መኪናው የዛሬ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ደጃችን ይመጣል። እማዬ ግን "የዓመቱ አፈሬ ቤት ሳይገባ ንቅንቅ አልልም" ብላ ቁጭ አለች።

ሸክላ ሠሪ ናት። አፈሯ የሚገኘው ሜዳው ላይ፣ ከአያ ሞላ ማሳ ማዶ ካለው ጉድጓድ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጎርፍ ይተኛበታል። ውኃው ሸሽቶ አፈሩ ለዶማ የሚመቸው አሁን ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ለዓመት ሠላሳ ጆንያ ያስፈልጋታል። አባቴ ከሞተ፣ አህያውም ከተሸጠ ወዲህ ግማሽ ግማሽ ጆንያ እያደረገች በጀርባዋ ነው የምታመጣው። ስድሳ ጊዜ መሄድ፣ ስድሳ ጊዜ መመለስ። ጋሪ እንከራይ ብል ባለጋሪዎቹ በሙሉ ሩዝ ላይ ናቸው፤ መከሩ ሳያልቅ ፈረሱን ለአፈር የሚሰጥ ሰው የለም።

እኔ ደግሞ አለሁ። የኮንትራት አስተማሪነቴ አልቆ፣ ምደባ እየጠበቅኩ፣ ከባሕር ዳር ብስክሌቴን ይዤ የተመለስኩት እኔ። በያጁን ስንታየሁን አስቸግሬ ከአሮጌ የብረት አልጋና ከሁለት የሞተር ሳይክል ጎማ ተሳቢ አሠራሁ። ከባድ መኪና ከኋላው እንደሚጎትተው ያለ፣ ግን በኔ ልክ። ከፊቱ የሚወጣ አንድ ረጅም ዘንግ አለው፤ የዘንጉ ጫፍ ከኮርቻዬ ሥር ካለው ብረት ጋር በመንጠቆ ይያያዛል።

ከሰዓት ባዶውን ጎትቼ ስንታየሁ ዘንድ ሄድኩ። ሳይጠይቀኝ ሳቀ።

"እንዴት ጫንሽው?"

አሳየሁት። ግራና ቀኙን አመዛዝኜ፣ ሦስቱንም ከኋላ ጠርዝ አስደግፌ።

"የአህያ ጭነት አደረግሽውኮ" አለኝ። "አህያ ግራና ቀኝ ካልተመዛዘነ ይጥላል። ይኸ ደግሞ ፊትና ኋላ ነው የሚመዘነው። ክብደቱን ከጎማዎቹ ትንሽ ፊት አድርጊው። ሦስት ደግሞ አይችልም፤ ሁለት።"

ስለዚህ አሥራ አምስት ጊዜ መመላለስ። ስድስት ቀን። እሑድ አይሠራም። ዓርብ ሚካኤል ነው፣ አይሠራም። ቅዳሜ መሬት አይቆፈርም፤ ጭነት ግን ይቻላል፣ ገበያተኛው ሁሉ ጭኖ ይሄድ የለ። ቁፋሮው ሐሙስ ማለቅ አለበት ማለት ነው። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ስወጣ እማዬ "ማሰሮውን ለአያ ሞላ አድርሽ" ብላኝ ነበር። በየዓመቱ ከመቆፈሯ በፊት አንድ ማሰሮ ትወስድላቸዋለች። ከበሩ ኋላ ትቼው ወጣሁ። ጉድጓዱ የሳቸው አይደለም፤ የጎርፍ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ የሸክላ ሠሪ ልጅ እያሉኝ አንድ ወንበር ላይ አብረውኝ የማይቀመጡ ልጆች ነበሩ። አሁን ደግሞ ማሰሮ ታቅፌ ገበሬ ደጅ ቆሜ አፈር ልለምን? አላደርገውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ሄደ። ሁለት ጆንያ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ ሄደ።

ጉድጓዱ አጠገብ ለስላሳ ስለሆነ እየገፋሁ ነው የማወጣው። ማሳው ላይ ግማሹን እገፋለሁ፣ ግማሹን እነዳለሁ። አስፋልት ላይ ስወጣ ግን እንደ ሰው ተቀምጬ ነዳሁ። ከኋላዬ ያለው ክብደት መጀመሪያ ይከለክላል፣ ከዚያ ይከተላል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ራሱ ይገፋኛል፣ ፍሬኑን ይዤ ጸሎት ነው። የደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ ላይ አንድ የከባድ መኪና ረዳት አንገቱን አውጥቶ "ተሳቢ አላት፣ አሳልፏት!" አለ። ባጃጆቹ ጥሩምባ ነፉልኝ። አንዱ ታርጋሽ የታል አለኝ። የናትህ ቤት ረስቼው ነው አልኩት። ይህን መጻፍ ባይገባኝም ደስ ብሎኛል።

ሦስት ምልልስ፣ ስድስት ጆንያ። ጓሮ ዘረገፍኩት። እማዬ መጥታ አንድ እፍኝ አንሥታ በጣቶቿ አሸችው፣ አሸተተችው።

"ጥሩ ቦታ ቆፍረሻል" አለች። ተሳቢውን በስሙ አትጠራውም። "ያ ነገር" ነው የምትለው። ያ ነገር ገባ? ያ ነገር አልተሰበረም?

አራተኛውን ልጭን ስመለስ አያ ሞላ ማሳው ጠርዝ ላይ በትሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። ስድሳ የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ሰውን ሳይሆን መሬቱን የሚያዩ ገበሬ ናቸው። እንደምን ዋሉ አልኩ። እግዜር ይመስገን አሉ። ከዚያ በበትራቸው ወደ መሬት አመለከቱ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በእርጥበቱ ላይ የዘሩት ጓያ በቅሏል፤ ጣት የሚያህል አረንጓዴ። በመሐሉ የኔ ጎማዎች ሁለት መስመር አስምረዋል።

"እግር ያልፋል" አሉ። "ጎማ አያልፍም።"

"ትንሽ ቀን ነው፣ አያ ሞላ።"

"ጎማ አያልፍም።"

ተናደድኩና የማይገባ ነገር ተናገርኩ፤ የጎርፍ አፈር ባለቤት የለውም፣ ከፈለግኩ በሌላ በኩል እዞራለሁ አልኳቸው። ባዶውን እያንቋቋሁ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 10

ዛሬ ዜሮ። ከዜሮ በታች የሚባል ካለ እሱ ነው።

ጠዋት ማሳውን ትቼ በቦዩ ዳር ዞርኩ። መንገዱ እጥፍ ነው፤ እሱን ችዬዋለሁ። መሐል ላይ ቦዩ የተናደበት ቦታ ሲደርስ ተሳቢው በአንድ ጎኑ ወረደ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ መንጠቆው መሐል ላይ ተጠማዘዘና ቀጭ አለ። ሁለቱም ጆንያ ውኃው ውስጥ። አንዱ ተቀዶ አፈሩ ወደ ጭቃ ተመለሰ፤ ሌላውን ባወጣውም የቦይ አሸዋ ገብቶበታል፣ ለሸክላ አይሆንም፣ ደፋሁት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው፣ ተሳቢ አለው፣ ያለ ማሰሪያ ግን ሐሳቡ አይሞላም እያልኩ አስተምሬያለሁ። ይኸው። ባለቤቱ ጭቃ ውስጥ፣ ተሳቢው ቦይ ውስጥ፣ ማሰሪያው የለም።

ብስክሌቱን በአንድ እጅ፣ ተሳቢውን በሌላ እጅ እየጎተትኩ ቤት የደረስኩት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጓሮ ስገባ ከስድስቱ ጆንያ ክምር አጠገብ አንድ ትንሽ ክምር አለ። አዲስ፣ እርጥብ። እማዬ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር። መቀመጥ አቅቷት ነው የቆመችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ግማሽ ብቻ ናት" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ጮኽኩባት። እናቴ ላይ ጮኽኩ። ሐኪሙ ምን አለሽ፣ ለማን ብዬ ነው እኔ በየመንገዱ መሳቂያ የምሆነው፣ ሽባ ሆነሽ ልትቀሪ ነው ወይ አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አንች ብትቀሪ አፈሩ ይቀራል ብዬ ነው እንጅ" አለች። ከዚያ ልብሴ ላይ ያለውን የቦይ ጭቃ አይታ "በቦዩ የሄድሽው ለምንድን ነው? መንገዱ በአያ ሞላ ማሳ አይደል?"

"ከለከሉኝ።"

"አያ ሞላ? ማሰሮውን ሰጥተሻቸው?"

ወደ በሩ ኋላ ሄዳ አየችው። እዚያው ነው። ተንበርክካ እንዳታነሣው ሮጬ ቀደምኳት። አልተቆጣችኝም፤ እሱ ነው የከፋኝ። መደቧ ላይ በጎኗ ጋደም አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ማሰሮውን በጨርቅ ጠቅልዬ ተሳቢው ላይ ሳይሆን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት። መንገድ ላይ የምናገረውን ደግሜ ደጋግሜ አዘጋጀሁ። አንዱንም አልተናገርኩትም።

አያ ሞላ ደጃቸው ላይ የበሬ ዕቃ እያበጁ ነበር። ማሰሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገለበጡት፣ በጣታቸው ኳ አደረጉት፣ ድምፁን ሰሙ።

"የእናትሽ እጅ ነው" አሉ። "እኔማ ተጣልተን ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩ። ማሰሮ ሳትልክ የቀረችበት ዓመት የለም። ኸዚያ ደግሞ ትናንት በማሳው ስትሄድ አየኋት፣ ጎብጣ። ብጠራት ቀና ማለት አልቻለችም።"

"ጥፋቱ የኔ ነው። ልካኝ ነበር፣ ትቼው ነው።"

"እንግዲያው ስሚ" አሉ። "ሰው ቤት ሲመጣ ደጅ ይመታል። እንደ ጎርፍ ዝም ብሎ አይገባም።"

እንዲያ ነው የገባኝ። ማሰሮው ግብር አልነበረም። ደጅ መምታት ነበር። እማዬ በየዓመቱ መጥቻለሁ ስትል፣ እሳቸውም ነይ ሲሉ የሚነጋገሩበት ነገር ነው፤ እኔ ግን የለማኝ እጅ አድርጌ አየሁት። ይቅርታ አልኳቸው። እሳቸው ግን ወሬውን ጨርሰው ተሳቢው የት አለ እያሉ ነበር።

ብስክሌቱንና ተሳቢውን ከቤት ጎትቼ አመጣሁላቸው። የተሰበረውን መንጠቆ አገላብጠው አዩት።

"ይኸ ግትር ነው። ሞፈርና ቀንበር በብረት ቢታሰር የበሬውን አንገት ይሰብራል። መላወሻ ይፈልጋል።"

ከቤት ገብተው አሮጌ ምራን ይዘው ወጡ፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስሩበት የቆዳ ጠፍር። ውኃ ውስጥ ነክረው አለሰለሱት። የዘንጉን ጫፍ ከኮርቻው ብረት ጋር አስጠግተው አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች፣ አንዴ በመሐል እያሳለፉ አሰሩት። "ሲደርቅ እንደ ብረት ይይዛል፣ ግን ይታዘዛል" አሉኝ። ስንታየሁ ቢያይ ይቀናል።

መንገዱንም አሳዩኝ። ጓያው ያልተዘራበት ድንበር አለ፣ በእሳቸውና በጎረቤታቸው ማሳ መሐል። ሁለት ቦታ በዶማ ቀና አደረጉልኝ። እዚያው አጠገቤ የነበረ መንገድ ነው።

የዛሬው ሥራ፦
የተቆፈረ — የቀረው ሁሉ። መዳፌ ተልጧል።
የገባ — አራት ጆንያ። ከማክሰኞው ጋር አሥር።
ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስሮ የቀረ — ሃያ።
እማዬ የተሸከመችው — ምንም። ዶማውን ደብቄባታለሁ።

እማዬ ግን "አሥር ከግማሽ ነው" ትላለች። የራሷን ቆጥራ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ሚካኤል። ምንም አይነካም።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው ውስጥ ሳይሆን ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበርኩ። ሃያ ጆንያ። አሥር ምልልስ። ቅዳሜ ስድስት ብሄድ ይቀራል አራት፤ ሰባት ብሄድ ሦስት። ሰኞ መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብነሣ ሁለት ምልልስ፣ ቢበዛ ሦስት። ይቅር በለኝ ሚካኤል።

ከሰዓት ጣና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። በታኅሣሥ። ሩዙን ከምሮ ያልወቃው ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ወደዚያ ያያል፤ እኔም ያያለሁ። እነሱ ለእህል፣ እኔ ለአፈር። ዝናብ ከጣለ ድንበሩ ይላቁጣል፣ ጎማ አይገባበትም። ሦስት ጊዜ ወጥቼ አየሁት። ጎማውን ነፋሁ። የተነፋ ጎማ ነው የነፋሁት። ካቴናውን ዘይት ቀባሁ። ምራኑን ነካሁት፤ ደርቋል፣ እንዳሉት ብረት ሆኗል።

እማዬ "ተቀመጭ እንጅ፣ አዞርሽኝ" አለችኝ። መቀመጥ አልቻልኩም። አክስቴ ደውላ ክፍሉ ሰኞ ካልተያዘ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረችኝ፤ በጾሙ ወራት ብዙ ሕመምተኛ ይመጣል። ለእማዬ ስነግራት "ይስጡት" አለች። እየቀለደች እንዳልሆነ አውቃለሁ። መኪናውን መልሳ፣ እኔን ገበያ ልካ፣ ግማሽ ግማሹን ጆንያ ራሷ እንደምታስገባው በዓይኗ ውስጥ ይታየኛል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ሰባት። ሰባት ጊዜ።

ዝናቡ ቀርቶልናል። ሰማዩ ጠዋት ጠራ። የመጀመሪያውን ገና ፀሐይ ሳትወጣ አስገባሁ። እስከ ረፋድ ድረስ ድንበሩ ጠንካራ ነበር፤ ምራኑ ይጮሃል፣ ኪጭ ኪጭ፣ ግን ይታዘዛል። ብስክሌቱ ሲያዘነብል ተሳቢው ቀና ይላል፣ ተሳቢው ሲያዘነብል ብስክሌቱ። አሁን ነው እነዚህ ሁለቱ የተዋወቁት።

ከአራተኛው በኋላ ገበያተኛው መንገዱን ሞላው። ሩዝ የጫኑ አህዮች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ፣ በርበሬ የተሸከሙ። ሁለት ጆንያ አፈር በብስክሌት የምጎትት ሴት ደግሞ መሐላቸው። አንዲት አሮጊት አስቆሙኝና ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። አፈር አልኳቸው። "አፈር ከገበያ ጠፋ?" አሉ። ያሾፉብኝ አልመሰለኝም፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ለሸክላ ነው ብዬ ሳስረዳ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ። የእማዬን ስም ስነግራቸው እንስራዬ የሷ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አላንጠባጠበም አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት። የዚያ እንስራ አፈርም በጀርባዋ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ አቀበቱ ላይ አልቅሼ ወጣሁ። ሰው ላብ ይመስለዋል።

ስድስተኛው ላይ የተሳቢው አንድ ጎማ ተነፈሰ። ከመነዳሪውን ስንታየሁ ለጠፈልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በላብኝ። ሰባተኛውን አስገብቼ ስምንተኛውን ልሄድ ስል እግሬ እንቢ አለኝ። ኮርቻው ላይ ወጥቼ ፔዳሉን መርገጥ አቃተኝ፤ እግሬን በእጄ አንሥቼ ለማስቀመጥ ሞከርኩ። እማዬ ከደጅ ሆና ታየኝ ነበር።

"በቃ ለዛሬ" አለች። ከዚያ ውኃ አሙቃ እግሬን ልታጥበኝ ጎንበስ ልትል ፈለገች። ጎንበስ እንዳትል መከልከል ነበረብኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ እኔ ራሴ ታጠብኩ፣ እሷ ቆማ አዘዘችኝ።

ሃያ አራት ገብቷል። በእሷ ቆጠራ ሃያ አራት ከግማሽ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 14

ከቅዳሴ መልስ አካፋ። በዚህ ወር ሊሆን የማይገባ ቀጭን ዝናብ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ያልሞላ፣ ግን የምፈራው ነገር። ብስክሌቱን ከጣራው ጠርዝ ሥር ነበር ያቆምኩት። ሮጬ ሳስገባው ምራኑ ረጥቧል።

እማዬ ጓዟን አልሸከፈችም። አክስቴ ደርሳለች፣ ደብረ ታቦር ያደረች ናት፣ እሷ እየሸከፈችላት ነው። እማዬ ደግሞ ጓሮ ቆማ ክምሩን በኬሻ ትሸፍናለች። አክስቴ በጆሮዬ "ሠላሳ ሆኗል በያት፣ ምን ታውቃለች" አለችኝ።

ታውቃለች። እማዬ አፈር ታውቃለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ጉም ተኝቶበታል፤ ከብቱ በድምፅ ብቻ ነው የሚታወቀው። ድንበሩ ረጥቧል። የመጀመሪያውን ሁለት ጆንያ እስከ መንገዱ ድረስ ሙሉ በሙሉ ገፍቼ አወጣሁ፤ ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ በየአሥር እርምጃው በእንጨት እጠርጋለሁ። ምራኑ የእሑዱን ውኃ ጠጥቶ ተለጥጧል። ተሳቢው ከኋላዬ እየተወዛወዘ ይመጣል። በቀስታ። በቀስታ።

ሁለተኛውን ሳስገባ ሚኒባሱ ደጃችን ቆሞ ነበር። ሾፌሩ እጁን ጥሩምባው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አክስቴ ጓዙን ጭናለች። እማዬ ግን ጓሮ ናት። ኬሻውን ገልጣ፣ ክምሩን እየዞረች፣ በዓይኗ ትለካለች።

ዘረገፍኩት። ጀርባዬ ላይ ላብና ጭቃ። ቆሜ ጠበቅኳት።

"ሃያ ስምንት ከግማሽ" አለች። "አንድ ተኩል ይጎድላል።"

አክስቴ ከበሩ ላይ ተነፈሰች። እኔ አልዋሸሁም። ሁለት ጆንያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታስሮ ቀርቷል፣ ዛሬውኑ ይገባል፣ አልኳት። "ብትቀሪም እኔ ነኝ የማስገባው። ብትሄጂም እኔ ነኝ የማስገባው" አልኳት። ድምፄ ከቁጣ ይልቅ ልመና ነበር፤ አላፈርኩም።

ወደ ብስክሌቱ ሄደች። የዘንጉን ጫፍ በእጇ ያዘች፣ ነቀነቀችው። ተሳቢው ተወዛወዘ። ምራኑን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች፤ አፈር የምታይበት አኳኋን ነው።

"ይኸ ሳይደርቅ አትጫኝበት" አለች። "ፀሐይ ላይ አድርጊው። እስከ ቀትር ይደርቃል። ኸዚያ ሂጂ።"

ከዚያ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ እጇ ጓዟን ሊያነሣ ወረደ፤ ጓዙ ተጭኗል፤ እጇ ባዶውን ተመለሰ። ደግፌ አስገባኋት። ስትቀመጥ ዓይኗን ጨፈነች። ሚኒባሱ ወደ ባሕር ዳር መንገድ ሲታጠፍ መስኮቱ ላይ የነጠላዋን ጠርዝ ብቻ አየሁ።

ቀትር ላይ ምራኑ ደረቀ። ሁለቱን አስገባሁ። ሠላሳ። ከፈለገች ሠላሳ ከግማሽ። ቤቱ ባዶ ነው። ኬሻውን ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። የሚደረግ ነገር ስላጣሁ ተሳቢውን አጠብኩ፣ ከዚያ ብስክሌቱን፣ ከዚያ ደጁን ጠረግኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

አልደወለችም። አክስቴም ስልኳ አይሠራም። መኪናው ደርሷል ወይ? ፍል ውኃው ለጀርባዋ ቢብስባትስ? አንዳንድ ሰው ሲያወራ ሙቀቱ ያደክማል ይላል። ተመልሳ ትመጣለች ብዬ እሰጋለሁ፤ በእግሯም ቢሆን።

ወደ አያ ሞላ ማሳ ሄጄ ጓያውን አየሁት። ጎማዬ ያሰመረበት ጓያ ቀና ብሏል፤ ጥቂቱ ግን ሞቷል። የሞተውን ነገርኳቸው። "አይቸዋለሁ" አሉ። ምራኑን ልመልስ ስል "ለከርሞ ያስፈልግሻል" አሉኝ። ለከርሞ ምደባ ደርሶኝ የት እንደምሆን አላውቅም። አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17

ደወለች። በአክስቴ ስልክ፣ ረፋድ ላይ። ከኋላዋ የውኃ ድምፅና የብዙ ሴቶች ወሬ ይሰማል።

"አፈሩን ሸፈንሽው?"

ሸፍኜዋለሁ አልኳት። ሁለቱም ገብቷል አልኳት። ቁጥሩን አልተከራከረችም።

ጠዋትና ማታ ትገባለች። ውኃው መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይለመዳል አለች። ሁለቱን ሳምንት ልጨርስ ነው አለች፤ ሳልለምናት። ምን ልበላት? እሺ አልኳት። አልዘጋችውም፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"የሺ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሟት መሰለኝ። "ትናንት በጀርባዬ ተኛሁ።"

ጥሩ ነው አልኳት። ጥሩ ነው፣ እማዬ።

ስልኩን ዘግቼ መደቧ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ሁልጊዜ በጎኗ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትተኛው። ልማዷ መስሎኝ ነበር። እኔ የምተኛው ከእሷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።